ሳይላኩ የመጡ ሽማግሎች

እናንተዬ፣ ባለፈው ሳምንት በሩ ሲንኳኳ ነው የተለያየነው። «ማን መጣ?» እያላችሁ ሳምንቱን እንዴት እንደገፋችሁት እኔ ነኝ የማውቀው፤ ወሬ መሃል ላይ ሲቆረጥ ከራስ ምታት ይብሳል። አሁን እከፍተዋለሁ። ግን ዛሬ ገና የመጣ ሰው አይጠፋምና መጀመሪያ ቤተሰቡን ላስተዋውቀው፤ የምታውቁት ትንሽ ታገሱኝ።

እየሩ የልጅ ልጄ ናት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ነርሲንግ ልትጨርስ ነው። እዚህ አውስትራሊያ፣ ዌስት ፉትስክሬይ በኪራይ ቤት ከአባቷ ከልጄ ከኃይለመስቀል፣ ከእናቷ ከማንተግቦሽና ከእኔ ጋር ትኖራለች። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አርብ አርብ የሚሰበሰብ የክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት አለ። ቻይናው፣ ሱዳኑ፣ ቶንጋው፣ ሕንዱ፣ የኛው ልጅ፣ የሌለበት የለም። ከመሃላቸው በየዓመቱ አሥር ልጅ ይመርጡና መሪ እንዲሆኑ ያሠለጥናሉ። ሥልጠናው ደሞ ደብተር ይዞ መቀመጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከተለያየ ወገን ሁለት ሁለት አድርገው ያጣምሯቸዋል፤ አንዱ በሌላው ቤት ዓመት ሙሉ እንግዳ ይሆናል። «እንግዳ መሆን ያልቻለ ሰው አይመራም» ነው የሚሉት። የኛንም ሽማግሎች እንዲህ የሚያሠለጥንልኝ ባገኘሁ!

የእየሩ ጥንድ ጂጆ ነው። ዘሩ ከሕንድ ነው፣ ኬረላ ከሚባለው አገር። ሰዎቹ ከጥንት ጀምረው ክርስቲያን ናቸው። ፖይንት ኩክ በሚባል ሰፈር ባለ ፎቅ ቤት አላቸው፤ አባቱ መሐንዲስ፣ እናቱ ነርስ። ልጁ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽፋሽፍቱ «ለሴት ልጅ ቢሰጥ ምን ነበረበት» የሚያሰኝ። ዓመት ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት ይመጣል። ነጭ ሽንኩርት አብሮኝ ይልጣል። «እማማ ታየች፣ እንደምን ዋሉ» ማለት ተምሯል።

እኔ ደሞ ዓይን ዓይናቸውን ነው የማየው። እየሩ ሳህን ስታቀብለው ሳህኑን ያያል። ዞር ስትል ግን በር እስክትደርስ በዓይኑ ይሸኛታል። እሷስ ብትሉ? ሐሙስ ሲሆን ሊፕስቲክ ትቀባለች። ለነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ሊፕስቲክ ምን ያደርጋል?

ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አይሉም። ምክንያቱም ሕግ አለ። አንድ ቡድን አብረው የሚመሩ ሁለት ሰዎች ፍቅር ከጀመሩ አንዱ ይወርዳል። እየሩን «ይሄ ምን አይነት ክፋት ነው?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «እማማ፣ ልጆቹ ከአሥር አገር ነው የሚመጡት» አለችኝ። «ሁለቱ መሪዎች ለብቻቸው አንድ አገር ከሆኑ ሌላው የት ይገባል?» ነገሩ እውነት አለው። ለኔ ግን አልተመቸኝም።

ሐሙስ ለት ነው ጉዱ የተጀመረው። እየሩ ኩሽና ገብታ ጆሮዬ ስር «እማማ፣ ተመረጥን! እኔና ጂጆ አዲሱን ቡድን እንድንመራ» አለችኝ። «ከመሾማችን በፊት የቤተሰብ ምርቃት ይጠየቃል። ቅዳሜ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ፤ እኔ እቤት አልሆንም፣ ቤተሰብ በነጻነት እንዲናገር ነው። ለአባዬ አንቺ ንገሪልኝ። እኔ ብነግረው ‹የራስሽን ቤተ ክርስቲያን ትተሽ የሰው ልጆች ልትመሪ ነው?› ብሎ ይጀምረኛል።»

ፊቷ ላይ ግን ደስታው ሙሉ አልነበረም። የተመረጠችው ከጂጆ ጋር ነዋ። ከሹመቱ በኋላ ሁለት ዓመት አብረው ቆመው፣ ጎን ለጎን፣ ምንም መባባል የለም። ወይ መሪነቱ፣ ወይ ልጁ። ልጄ ሁለቱንም ይዛ መተንፈስ አቅቷት ነበር።

እሺ አልኳት። ነገርኩት? ሐሙስ ረሳሁ። አርብ ግን አስቤበት ነው የረሳሁት። ቅዳሜ ጠዋት ለኃይለመስቀል «ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ስለ እየሩ ጉዳይ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ፣ ሸሚዝህን ቀይር» አልኩት። ከዚህ ውስጥ ውሸት ካለ አሳዩኝ።

እንግዲህ በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው።

ኃይለመስቀል ሲከፍት ሦስት ጎልማሶች ቆመዋል። ሦስቱም ሽክ ብለዋል። አንዱ የሥልጠናው ኃላፊ ነው፣ ሸበቶ አውስትራሊያዊ፣ እየሩ «ጋሽ ግሬግ» ነው የምትለው። ሁለተኛው ፓስተር ሲዮኔ የሚባል የቶንጋ ሰው፣ በሩን የሚሞላ፣ ወገቡ ላይ እንደ ሰሌን የተሠራ ነገር ጠምጥሟል፤ በነሱ አገር የክብር ልብስ ነው አሉ። ሦስተኛው የጂጆ አባት፣ ከረባት አስሮ፣ በዘቢብ የተሞላ ኬክ በሁለት እጁ ይዞ። ከኋላቸው ጂጆ፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፎ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ሐበሻ ሆኖ ይሄን ያየ ሰው ምን ይላል? እናንተው ፍረዱ።

ኃይለመስቀል ፊቱ ተለዋወጠ። «ግቡ፣ ግቡ። ቁጭ በሉ» አላቸው በእንግሊዘኛ።

«እንቆማለን፣ ችግር የለም» አለ ጋሽ ግሬግ።

እየሩ ናት እንዲህ ያስተማረቻቸው። በሥልጠናው ላይ «ሐበሻ ቤት ስትገቡ የቤቱ ትልቅ ሰው ሳይመጣ አትቀመጡ» ብላ ነበር። እኔ ደሞ መኝታ ቤት ነጠላዬን ሦስት ጊዜ አውልቄ ሦስት ጊዜ ለበስኩት፤ በበሩ ስንጥቅ እያየሁ። ልጄ አንዴ «ኧረ ቁጭ በሉ በጌታ!» ይላል፣ ሦስቱ ደሞ እንደ ምሰሶ ቆመው ፈገግ ይላሉ። የኛን ወግ ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት ወንበር አይነካም።

ስወጣ ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝ። ከዛ ጋሽ ግሬግ ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ፦ «የመጣነው ስለ ልጅዎ ስለ እየሩ ነው።»

«ገብቶኛል!» ኃይለመስቀል እጁን አነሳ። «ገብቶኛል፣ አይድከሙ። በኛ ባህል ለእንዲህ ያለ ነገር ወዲያው መልስ አይሰጥም። የልጅቱን ሐሳብ እንጠይቃለን፤ እናቷ ሥራ ላይ ናት፣ እሷም ትሰማለች። በአሥራ አምስት ቀን ትመለሳላችሁ።»

ሦስቱ ተያዩ። ጋሽ ግሬግ «እንዴት ግሩም ነው!» አለ፤ ደስ ብሎት። «ብዙ ቤተሰብ ነገሩን እንዲህ አክብዶ አያየውም።»

«እንዴት አይከብድ! የልጁስ ቤተሰብ እነማን ናቸው?»

የጂጆ አባት፣ ልጁ ከእየሩ ጋር ስለሚመራ እየተመረመረ መስሎታል። ኬኩን እንደያዘ ኩራት በኩራት ሆነ። አያቱ የጎማ ዛፍ እርሻ እንደነበራቸው፣ ቅድመ አያቱ ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩ፣ የአያቱ አያት ድረስ ቆጠረ። ልጄ በጣቱ እየቆጠረ ይከተለዋል። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ በአማርኛ «ኃይልዬ፣ ሰባት ቤት አትልፋ፤ ከኬረላ ጋር የምንዛመደው በኖኅ በኩል ነው» አልኩት።

«እማዬ፣ ሕንድ ነው እኮ!» አለኝ፣ ጥርሱን ነክሶ።

«ሒሳብ ያስተማረህስ ሕንድ አልነበረም?»

«እሱ ጆሮዬን ነው የጠመዘዘኝ፤ ልጄን አልጠየቀኝም!»

እንግሊዘኛ አትችልም ይሉኛል። ወሬ ሲሆን ግን አንድ አያመልጠኝም። ጂጆን አየሁት። አባቱ ስለ አያቶቹ ሲያወራ ግራ ገብቶት ቆይቶ፣ ሦስቱን የቆሙ ሰዎች አየ፣ ኬኩን አየ፣ የኃይለመስቀልን ፊት አየ። ከዛ እኔን አየ። ገባው! ዓመት ሙሉ በኛ ቤት እንግዳ የሆነ ልጅ ነው፣ የሽማግሌ ነገር ሰምቷል። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። የዝምታው ነገር ልቤን አሳዘነኝ። እውነቱ ይህ ቢሆን ብሎ አንዲት ደቂቃ ሊያጣጥማት ነበር መሰለኝ።

ቀስ ብዬ ኩሽና ገባሁና ለእየሩ ደወልኩ። ባርክሊ ስትሪት ካፌ ቁጭ ብላ ምርቃቱን ትጠብቃለች። «ቶሎ ነይ፣ አባትሽ አሥራ አምስት ቀን ቀጠረ» አልኳትና ዘጋሁት።

*

እየሩ እያለከለከች ገባች። ፀጉሯ በነፋሱ ተበትኗል። ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ አባቷ ጠጋ ብሎ በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ለጂጆ ሽማግሌ ሆነው መጥተዋል» አላት። «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቅኩም። ግን ወግ አክብረው ቆመዋል፣ ላዋርዳቸው አልችልም። አንቺ ትፈልጊዋለሽ?»

ቦርሳው ከትከሻዋ ወደቀ።

ወደ ጂጆ ዞረች። በእንግሊዘኛ ነው የጀመረችው፤ ሁሉም ሰማ። «ጂጆ፣ ምን አደረግክ? መሪነቱን ተውከው? ዓመት ሙሉ የለፋህበትን ተውከው?»

«እየሩ፣ እኔ—»

«ዝም በል! እኔ ምላሴን ነክሼ የቆየሁት አንተ እንድትመራ ብዬ ነው። ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ቁጭ ብለህ ከእማማ ጋር ስትስቅ፣ ‹ዛሬ ልንገረው› እያልኩ ስንቴ ኩሽና ገብቼ ግድግዳ ይዤ ቆሜያለሁ መሰለህ? ከነገርኩህ አንዳችን እንወርዳለን። የምትወርደው ደሞ አንተ ነህ፤ ‹እኔ ልውረድ› ለማለት የሚቀድምህ የለም! ስለዚህ ዋጥኩት። ዓመት ሙሉ ዋጥኩት! አንተ ግን ሳትጠይቀኝ…»

ጎረቤት የሳር ማጨጃ ይሰማል። ፓስተር ሲዮኔ ጣሪያውን ያያል፤ የጂጆ አባት ኬኩ ሊወድቅበት ነው።

ጋሽ ግሬግ በጣም ቀስ ብሎ «እኛ የመጣነው…» አለ። «እኛ የመጣነው እየሩ ቡድኑን እንድትመራ ምርቃት ልንጠይቅ ነው።»

«ምን እንድታደርግ?» አለ ኃይለመስቀል።

እየሩ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ፊቷን ወደ እኔ ስታዞር መሬት ብትከፈትልኝ ደስ ባለኝ። «እማማ… አልነገርሽውም?»

«ምኑን ልጄ?» አልኩ፣ ነጠላዬን እያስተካከልኩ።

«እማማ!»

ሮጣ ልትወጣ ስትል ጂጆ መንገዷ ላይ ቆመ። አልነካትም። እጆቹ ጎኑ ላይ ናቸው።

«ሽማግሌ አልላክኩም» አላት። «ብልክ አንቺን ሳልጠይቅ አልልክም። ግን…» ሦስቱን ሰዎች አያቸው። «ቆመዋል እኮ፣ እየሩ። ከቆሙ አይቀር…»

ወደ ሦስቱ ዞሮ «እባካችሁ ገና አትቀመጡ» አላቸው። ከዛ ኃይለመስቀል ፊት ቆሞ፣ እኔው ነጭ ሽንኩርት እየላጥን ባስተማርኩት አማርኛ፣ አንድ አንድ ቃል እያነሳ እንዲህ አለ፦ «ጋሼ። ልጅዎን እወዳታለሁ። በጣም። ይቅርታ።»

ይቅርታው ምን ይሠራል ብዬ ልስቅ ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝ።

*

ጋሽ ግሬግ ከኮቱ ኪስ ፖስታ አወጣ። «ይሄን ጂጆ ትናንት ነው የሰጠኝ። ‹ከምርቃቱ በኋላ ክፈተው› ብሎኛል። ጂጆ፣ አሁን ልክፈተው?»

ጂጆ ወለሉን እያየ ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ግሬግ ከፈተው፣ አነበበው፣ መነጽሩን አወለቀ። ከዛ «አባትየው ቢያነቡት ይሻላል» ብሎ ለልጄ ሰጠው።

ኃይለመስቀል በልቡ ማንበብ ጀመረ።

«ለኔ አይነበብም?» አልኩት።

«እማዬ፣ የሰው ደብዳቤ ነው።»

«ሰውየው ፊት ለፊት ቆሟል፤ ጠይቀው!»

ጂጆ ቀና ሳይል «ያንብቡላቸው» አለ። ልጄ ወዶ ሳይሆን ተገዶ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ቆሞ ወደ አማርኛ እየመለሰ ያነብልኝ ጀመር።

«‹አዲሱን ቡድን እየሩ ብቻዋን ትምራው› ይላል። ‹እኔ አብሬያት መምራት አልችልም። አርብ አርብ ስናገር የምናገረው ለሁሉም ነው፣ የማየው ግን አንድ ሰው ነው። ይሄ ለሌሎቹ ልጆች ልክ አይደለም።›»

«ቀጥል።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «‹ከሁላችንም የምትሻለው እሷ ናት። አዲስ ልጅ በር ላይ ቆሞ ልግባ ልመለስ ሲል፣ ማንም ሳያየው እሷ ታየዋለች። ከሁለት ዓመት በፊት በር ላይ የቆምኩት ልጅ እኔ ነበርኩ።›»

«ከዛስ?»

«‹በሷ ምክንያት እንደወረድኩ አትንገሯት። ከነገራችኋት…›» ድምፁ ተሰበረ። ልጄን በዚህ ዕድሜው እንዲህ ሲሆን ያየሁት አባቱን የቀበርን ለት ነው። «‹ከነገራችኋት አትቀበልም› ይላል እማዬ። በቃ፣ አለቀ።»

እየሩ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ጮክ ብላ ታለቅሳለች። «አልቀበልም!» አለች። «የምወርደው እኔ ነኝ። ጋሽ ግሬግ፣ ጻፈው፣ እኔ ነኝ የምወርደው!»

«እየሩ» አላት ጂጆ። በጣም ለስላሳ ነበር ድምፁ። «ዓመት ሙሉ እንግዳ መሆን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ‹ሲያጎርሱህ አፍህን ክፈት፣ አትሽሽ› ያልሽኝ አንቺ ነሽ። አሁን ተራው ያንቺ ነው። ሲሰጡሽ ተቀበይ።»

ዓይን ለዓይን ተያይዘው ቀሩ።

ኃይለመስቀል ደብዳቤውን አጥፎ ለጂጆ መለሰለት። «እየሩ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «ቤተ ክርስቲያናችን ወጣት አጥቶ እሑድ እሑድ ባዶ ወንበር እያየን ነው። ይሄን እያወቅሽ ለምንድነው የሰው ልጆች የምትመሪው?»

«አባዬ፣ የኛ ልጆች እኮ እዛ ናቸው» አለች፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ሊሊ እዛ ናት። በአምላክ እዛ ነው። አማርኛው ስብከት ሲከብዳቸው፣ በእንግሊዘኛ ሲመልሱ ሰው ሲስቅባቸው ነው የጠፉት። አርብ አርብ አንተ ‹የሰው ልጆች› ከምትላቸው መሃል ቁጭ ብለው ይጸልያሉ።»

«በአምላክ? የጋሽ ገብረጻድቃን ልጅ?»

«እሱ።»

«አባቱ እኮ ‹ልጄ ጌታን ተወ› ብሎ ስንት አልቅሷል!»

«አልተወም አባዬ። ባለፈው አርብ ለአንድ የቻይና ልጅ ወንጌሉን ሲያስረዳው ነበር።»

ልጄ ሶፋው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። እጁን ፊቱ ላይ አሻሸ። ከዛ ቀና ብሎ ለሦስቱ ሰዎች በእንግሊዘኛ «በመሪነቱ ጉዳይ ዛሬውኑ እመርቃለሁ» አለ። «ዛሬ ነው የገባኝ። በሌላው ጉዳይ እናቷ ሳትሰማ ቃል አልሰጥም። አሥራ አምስት ቀን ብያለሁ፣ አሥራ አምስት ቀን ነው።»

«ዓመትም እጠብቃለሁ» አለ ጂጆ።

«ዓመት ማን አለህ?» አልኩ እኔ። «ኃይልዬ፣ ልጁን አታስፈራራው።»

ጋሽ ግሬግ ሳቀ። «ጂጆ፣ ከአሁን በኋላ መሪ አይደለህም፤ ሕጉ ሕግ ነው።»

«ወንበር የሚደረድር ሰውስ አያስፈልግም?» አለ ጂጆ። እየሩ ከእንባዋ መሃል ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ ከልጅነቷ ወዲህ ከአፏ ሰምቼ አላውቅም፤ ቤቱን ነው ያሞቀው።

ፓስተር ሲዮኔ እጁን አንስቶ፣ እንደ ትንሽ ልጅ «አሁን መቀመጥ ይቻላል?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ሳቀ። ኬኩን ቆረጥነው። የጂጆ አባት ለኃይለመስቀል በእጁ ሊያጎርሰው ሲል ልጄ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ከዛ አፉን ከፈተ።

*

ከመሄዳቸው በፊት ለምርቃቱ ተነሳን። እየሩ መሃል ወለል ላይ ተንበረከከች። አራቱ ሰዎች እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑና ሁሉም ባንዴ ጀመሩ፤ ልጄ በአማርኛ፣ የጂጆ አባት በራሱ ቋንቋ፣ ፓስተር ሲዮኔ መስኮቱን በሚያነቃንቅ ድምፅ በቶንጋ፣ ጋሽ ግሬግ በእንግሊዘኛ። ማን ምን እንዳለ አይለይም። የእየሩ ስም ብቻ ነው ከሁሉም አፍ እየወጣ የሚገጥመው።

እኔ በጸሎት ጊዜ ዓይኔን አልጨፍንም። ደግ ልማድ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ሰው ፊቱን የሚፈታው ሌላው ዓይኑን ሲጨፍን ነው።

ጂጆ ከክቡ ወጥቶ ለብቻው ቆሟል። ዓይኑ ክፍት ነው። ዓመት ሙሉ በስርቆት ያያትን ልጅ ሳይቸኩል፣ ሳይደበቅ ያያታል። ፊቱ ላይ ቁጭት ፈለግኩ፤ የተወው ነገር ትንሽ አይደለማ። ዞሬ ዞሬ ፈለግኩ፣ አጣሁ። እንባው ይወርዳል፣ ከንፈሩ ፈገግ ብሏል፣ መጥረጉም ትዝ አላለውም። የሚወዱት ሰው ሲከብር ቆሞ ማየት እንዲህ ያጠግባል እንዴ?

ድንገት ቀና ሲል ዓይናችን ገጠመ። ደነገጠ። እንደተያዘ ሌባ አንገቱን ሊደፋ ሆነ።

እኔ ታየች ስንት ዘመን ያላየሁት፣ ያልሰማሁት የሰው ጉዳይ የለም። ያንን ፊት ደሞ እስከ አሜን ድረስ ባየው ጌታ ያውቃል እንዴት እንዳማረኝ። ግን የኔ አልነበረም። የሱና የሷ ነበር።

ቀስ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩላቸው።